ያውቁ ኖሯል? ከሐይቅ እስከ ቀይ ባሕር፣ ከውኃው በታች ያለው ጉድ!

(ዓመተ ምሕረቱ፣ ወሩና ቀኑ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ሐይቅ ከተማ ጎራ ብለው፣ ውኃው ዳር ተቀምጠው ቀረሶ ጥብስ አዝዘው ያውቃሉ? ከፊትዎ የተኛው ውኃ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው! የ20 ፎቅ ሕንፃ ቢቆምበት ጣሪያው አይታይም!

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ሐይቅ ግን 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ታዲያ የትኛው ይጠልቃል? ትንሹ! ጣና በጥልቁ ቦታው እንኳ 15 ሜትር አይሞላም!

ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ይህ ሐይቅ መግቢያ እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም! ከላይ የተቀመጠው ጎረቤቱ አርዲቦ ሲሞላ ትርፉን ወደ እርሱ ያፈስ ነበር። ሐይቅ ግን የተቀበለውን ለማንም አይሰጥም! ለፀሐይ ብቻ!

በ1969 አንድ ጠላቂ ሐይቅ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ምን ያይ ነበር? ብዙ! በዚያ ዓመት ውኃው ሲለካ እስከ 9 ሜትር ድረስ ወለል ብሎ ይታይ ነበር! ከ20 ዓመት በኋላ ሲለካስ? ከ2 ሜትር በታች!

በመካከሉ ምን መጣ? ቀረሶ! ዛሬ ሐይቅ የሚታወቅበት ይህ ዓሣ የአገሩ ተወላጅ አይደለም! በ1978 ከሌላ ቦታ መጥቶ የተለቀቀ እንግዳ ነው። እንግዳው ተራባ፤ የውኃውን አረንጓዴ የሚግጡትን ጥቃቅን ፍጥረታት በላ፤ ውኃውም ደፈረሰ! ጥብሱ ግን ይጣፍጣል!

ከቀረሶ በፊት የሐይቅ ጌታ ማን ነበር? አምባዛ ሳይሆን አይቀርም! ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እዚህ ደርሶ ራሱ የእንቁራሪት የመሰለ፣ አካሉ ልሙጥ፣ መልኩ አስቀያሚ የሆነ ዓሣ አይቷል። ሲቀምሰው ግን ሰባና ጣፋጭ ሆኖ አገኘው!

ይኸው ቄስ ሐይቅ ላይ ሌላም ነገር እንዳለ ጽፏል። ጉማሬ! በዚያ ዘመን ሐይቅ ውስጥ ለመጥለቅ የሚደፍር ቢኖር፣ ጎረቤቱ ማን እንደሚሆን ያስቡት!

የእስጢፋኖስ ገዳም ዛሬ በእግር የሚገቡበት ልሳነ ምድር ላይ ነው። ድሮ ግን ደሴት ነበር! ወደ ገዳሙ የሚሻገሩት በደንገል ታንኳ ነበር። ውኃው ዝቅ አለ፤ ምድሩ ወጣ፤ ደሴቱም ከየብስ ጋር ተያያዘ!

ሐይቁ እንዴት ተፈጠረ? የአካባቢው አፈ ታሪክ መልስ አለው! አንዲት ነፍሰ ጡር በልዕልት ተበደለች፤ ፈጣሪ ተቆጣ፤ ዙሪያው ሁሉ ውኃ ሆነ፤ ልዕልቲቱ ከነዘመዶቿ ሰጠመች! ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ቀረች። ያቺ መሬት ናት ገዳሙ የቆመባት!

አባ ኢየሱስ ሞዓ ወደዚህ ገዳም የመጡት በ1248 ነው። እርሳቸው ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል የተጻፈው በ1280 ወይም በ1281 ነው። ከ740 ዓመት በላይ! የተጻፈበት ዘመን ከሚታወቅ የኢትዮጵያ ባለሥዕል ብራናዎች መካከል ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕልም አለበት!

ከወንጌሉ የሚያረጅ መዝገብ ደግሞ ሐይቁ ሥር አለ። ጭቃ! በየዓመቱ የሚረጋው ደለል ከ15 ሺህ ዓመት በላይ ያለውን ዝናብና ድርቅ ይዟል። አጥኚዎች በቧንቧ ቆፍረው ያወጡታል፤ እንደ ገጽ ያነቡታል!

ጣናም የራሱ ጉድ አለው! ከ16 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ ነበር! አዎ፣ ጣና! ዛሬ መርከብ የሚሄድበት ቦታ ላይ በእግር መሻገር ይቻል ነበር!

ሐይቅ ውስጥ ወደታች እየወረዱ ነው እንበል። ዓሣው ይቀንሳል፤ ከዚያም ይጠፋል! ምክንያቱ? ሥሩ ላይ ኦክስጅን የለም! የላይኛውና የታችኛው ውኃ ለረጅም ጊዜ ሳይቀላቀሉ ይኖራሉ፤ አንዱ ሕያው፣ ሌላው ኦና!

አሁን ወደ ጠላቂው! ጀርባው ላይ ያዘለው ሲሊንደር ውስጥ ምን አለ? «ኦክስጅን» አሉ? አይደለም! እርስዎ አሁን የሚተነፍሱት ተራ አየር ነው፤ ተጠቅጥቆ የተሞላ! ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር በታች መርዝ ይሆናል!

በባሕር ውስጥ 10 ሜትር በወረዱ ቁጥር፣ ከላይ ያለው የአየር ክምር በሙሉ የሚያሳርፍብዎትን ያህል ጫና እንደገና ይጨመርብዎታል! 10 ሜትር ላይ እጥፍ፣ 20 ሜትር ላይ ሦስት እጥፍ!

ሐይቅ ውስጥ 30 ሜትር መውረድ፣ ቀይ ባሕር ውስጥ 30 ሜትር ከመውረድ ጋር እኩል አይደለም! ሐይቅ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ የሐይቁን 30 ሜትር ጠላቂው በመጥለቂያ ሰንጠረዡ ላይ 37 ሜትር ገደማ ብሎ ይቆጥረዋል። ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ ያለ ውኃ ሁሉ የራሱ ስሌት አለው!

ይህን ይያዙ! አውሮፕላን በ11 ሺህ ሜትር ሲበር፣ ውስጡ ያለው አየር ቢበዛ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው አየር ቢሳሳ ነው። ደሴ ስንት ሜትር ላይ ናት? 2,500 ገደማ! ፒያሳ ቆመው የሚተነፍሱት አየር ከአውሮፕላኑ አየር ይሳሳል!

ስለዚህ ነው ጂቡቲ ላይ ጠልቆ የዋለ ሰው በዚያው ዕለት ደሴ መውጣት የማይገባው! ሲጠልቅ ደሙ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን ዳገቱን ሲወጣ አረፋ ሊሆን ይችላል። በተደጋጋሚ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ለመሳፈር ቢያንስ 18 ሰዓት ይጠብቃል። የደሴን ዳገት ለመውጣትም ያው ነው!

ይኸው ናይትሮጅን ከ30 ሜትር በታች ያሰክራል! ጠጅ አልተቀዳ፣ አረቄ አልተቀመሰ! ጠላቂው ይስቃል፤ ይዘነጋል፤ መሣሪያውን ማየት ይረሳል! ትንሽ ከፍ ሲል ስካሩ ብን ይላል፤ ራስ ምታት እንኳ አይተውም!

ቀይ ጥለት ያለው ልብስ ለብሰው ቢጠልቁ ጥለቱ የት ይገባል? ይጠፋል! ቀይ ቀለምን ውኃ ከሁሉ አስቀድሞ ይውጠዋል። 20 ሜትር ላይ ጣትዎን ቢቆረጡ ደምዎ አረንጓዴ መስሎ ይታይዎታል!

ድምፅ በውኃ ውስጥ ከአየር አራት እጥፍ ይፈጥናል! ከዚህም የተነሣ ጆሮዎ ይታለላል፤ የጀልባ ሞተር ይሰማሉ፣ ከየት እንደመጣ ግን አያውቁም! ከግራ? ከቀኝ? ከላይ? ከሁሉም ይመስላል!

የጣና ድንጋያማ ዳርቻ ሌላ ቦታ የሌለ ፍጥረት አለው። ድንጋይ ላይ የተለጠፈ ስፖንጅ! እንስሳ ነው፤ ግን አይንቀሳቀስም! ሳይንስ ያወቀው በ1999 ሲሆን የወጣለት ስም ማኬዲያ ታነንሲስ ነው። ማክዳ ከነጣናዋ!

ጣና ውስጥ ደግሞ 15 ዓይነት ትልልቅ የነጭ ዓሣ ዘመዶች አሉ፤ ብዙዎቹ በዓለም ላይ ሌላ አገር የላቸውም! አንዱ ዓሣ ይበላል፤ ሌላው ቀንድ አውጣ፤ ሌላው ሣር! ዩኔስኮ በ2015 ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ አድርጎ መዝግቦታል!

አዊ ውስጥ ያለው ዘንገና ሐይቅ ወርዱ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጥልቀቱስ? 166 ሜትር! ከእሳተ ገሞራ አፍ ሌላ ምን ይጠበቃል!

ከኢትዮጵያ ሐይቆች ጥልቁ ሻላ ነው፤ 266 ሜትር! በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ ነው። ሻላ ላይ የሚፈለፈሉ ፔሊካኖች ግን ምሳቸውን ፍለጋ ወደ ጎረቤት አቢያታ ይበሩ ነበር። ሻላ ውኃ እንጂ ዓሣ አልሞላውም!

ወደ ደሴ እንመለስ! ዝናብ ዘነበ። ወደ ቦርከና የወረደው ጠብታ በኮምቦልቻ አልፎ አዋሽ ይገባል። በኩታበር ማዶ ወደ በሽሎ የወረደው ደግሞ ዓባይ ይገባና ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል! ከአንድ ደመና የወጡ ሁለት ጠብታዎች ዳግም አይገናኙም!

የቦርከናውስ ጠብታ ባሕር ይደርሳል? በፍጹም! አዋሽ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። እዚያ ከሜዳው ላይ የሚያጨሱ የድንጋይ ማማዎች ቆመዋል፤ አንዳንዱ 50 ሜትር ይደርሳል! የተሠሩት ግን ውኃ ውስጥ ነው! ሐይቁ ሸሸ፤ ማማዎቹ ደረቅ ላይ ቀሩ!

ሰኞ ባቲ ገበያ ወርደው ያውቃሉ? የአፋር ሰው፣ የኦሮሞ ሰው፣ የአማራ ሰው፣ ግመል፣ ፍየል፣ ቅቤ! ከገበያው ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ቢቀጥሉ የሚገቡበት የአፋር ዝቅታ በከፊል የባሕር ወለል ነበር!

ማስረጃው? ጨው! ቀይ ባሕር ወደ ደናክል ገብቶ፣ መውጫው ተዘግቶበት፣ ደረቀ። የተወው ጨው ውፍረት በኪሎ ሜትር ይለካል! አያቶቻችን እንደ ገንዘብ የቆጠሩት አሞሌ የባሕር ቅሪት ነበር!

ከዚህም ይብሳል! ኢትዮጵያ የኮራል ገደል አላት! የባሕር በር ሳይኖራት! ደናክል ዳርቻ ላይ ከ100 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ኮራል በፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይገኛል። ሲሊንደር አያስፈልግዎትም፤ ኮፍያና የሚጠጣ ውኃ ይበቃል! ከባሕር ጠለል በታች በጫማ ይራመዱበታል!

በኤርትራ ዙላ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ሰው የቀረጸው የድንጋይ መሣሪያ ኮራል ውስጥ ተቀብሮ ተገኝቷል። ዕድሜው? 125 ሺህ ዓመት! የቀይ ባሕርን የዛጎል ምግብ እነዚያ ሰዎች ሳይቀምሱት አልቀሩም!

አፍዴራ ሐይቅ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። መሐሉ ላይ ያለችው ትንሽ ደሴት ከዓለም ደሴቶች ሁሉ ዝቅተኛዋ ናት! ጨዋማና ሞቃት በሆነው ውኃ ውስጥ ደግሞ ዓሣ ይኖራል፤ የትም የሌለ ዓሣ!

የአያትዎ ሣጥን ውስጥ፣ ወይም በበቅሎ ጌጥ ላይ የተሰፋ ነጭ ዛጎል አይተዋል? ባዶ ቤት ነው! ባለቤቱ በኮራል መካከል የሚሳብ ቀንድ አውጣ ነበር። ባሕር አይቶ የማያውቅ ስንት የወሎ ሰው የባሕር እንስሳ ቤት አንገቱ ላይ አስሮ አድጓል!

ደሴ ገደል ላይ ፀሐይ የሚሞቀውን ሽኮኮ ልብ ብለው አይተውታል? ጥንቸል ያህል ነው፤ አይጥ ይመስላል። የቅርብ ዘመዱ ግን ዝሆን ነው! ሌላኛው ዘመዱ ደግሞ ቀይ ባሕር ውስጥ ሣር የሚግጠው፣ ከ300 ኪሎ በላይ የሚመዝነው ዱጎንግ! ዘመድ ከዘመዱ እንዲህ ይራራቃል!

ኮራል ድንጋይ ነው? አይደለም! ተክል ነው? እርሱም አይደለም! እንስሳ ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ደቃቃ እንስሳት አንድ ላይ የሠሩት ቤት!

ያንን ቤት የሚግጥ ዓሣም አለ፤ በቀቀን ዓሣ! ኮራሉን በጥርሱ ይፈጫል፤ ምግቡን ያስቀራል፤ የቀረውን ያስወጣል። ምን ሆኖ ይወጣል? ነጭ አሸዋ! ባዶ እግርዎን የረገጡት ውብ የባሕር ዳርቻ በከፊል የዓሣ ኩስ ነው!

በቀይ ባሕር ከ1,000 በላይ የዓሣ ዓይነቶች አሉ። ከአሥሩ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ሌላ ባሕር አያውቁም! ቢጫው የቀይ ባሕር ክላውን ዓሣም እዚሁ ይኖራል። ሚስት ስትሞት ባል ምን ያደርጋል? ራሱ ሚስት ይሆናል!

የዓለም ትልቁ ዓሣ በየዓመቱ ጂቡቲ ይመጣል! ዓሣ ነባሪ ሻርክ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ አፉን ከፍቶ ይዋኛል፤ ከጎኑ ሰዎች ይዋኛሉ! አይበላዎትም! ምግቡ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው!

በዚያው ሰላጤ ጠላቂዎች ምድር ተሰንጥቃ በተከፈተችበት ስንጥቅ ውስጥ ይገባሉ! ግራና ቀኝ አለት፣ ከላይ ሰማያዊ ውኃ! አፋርን የሚሰነጥቀው ያው ስንጥቅ ነው፤ እዚያ ባሕር ሞልቶበት!

የግብፁ ራስ መሐመድ የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በ1983 የተከለለ። ጠላቂው ከባሕር ሲወጣ የሚደገፍበት የዳርቻ ገደል ራሱ ጥንታዊ ኮራል ነው! ከውኃው ሥር ሕያው ኮራል፣ ከውኃው በላይ ሙት ኮራል! መልሕቅ መጣል ክልክል፤ ዛጎል ይዞ መውጣት ክልክል!

ሱዳን ውስጥ ሳንጋነብና ዱንጎናብ የተባሉ የባሕር ፓርኮች በ2016 የዓለም ቅርስ ሆነዋል። በዚያው የባሕር ጠረፍ በ1963 የፈረንሳዩ ዣክ ኩስቶ ሰዎች ባሕር ሥር ቤት ሠርተው ለአንድ ወር ኖረዋል! ይበላሉ፤ ያጨሳሉ፤ ይተኛሉ! በቀቀን እንኳ አብሯቸው ነበር! ስለዚሁ ኑሮ የተሠራው ፊልም ኦስካር አገኘ!

ዳህላክ ደሴቶችስ? በ1952 እና በ1953 ጣልያናውያን ጠላቂዎች ካሜራ ይዘው ገቡባቸው። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተዋሃደችበት ጊዜ ነው! የመሪው ስም ብሩኖ ቫይላቲ፣ የፊልም ሠሪው ፎልኮ ኩዊሊቺ። በ1954 የወጣው ባለቀለም ፊልም ስሙ «ስድስተኛው አህጉር» ነበር! አህጉሩም ባሕሩ ራሱ ነው!

ሚያዝያ 1941 ትልቅ ወር ነበር! በ8ኛው ቀን ምፅዋ ከጣልያን እጅ ወጣች፤ በ26ኛው ቀን ደሴ! ጣልያኖቹ ምፅዋን ሲለቁ በደርዘን የሚቆጠሩ የራሳቸውን መርከቦች ወደብ ውስጥ አሰጠሙ! በማግሥቱ ዓመት አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኤልስበርግ ከጠላቂዎቹ ጋር መጣ። ግዙፉን ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ ከባሕር ሥር ያነሣው በምን ነበር? በአየር! አየር ሞልቶ አንሳፈፈው!

«ኢትዮጵያ» የሚባል የጦር መርከብ ነበረን! ከ1962 ጀምሮ የባሕር ኃይላችን አለቃ መርከብ! አሜሪካ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሠራችው፣ የባሕር አውሮፕላኖች ቀላቢ የነበረ መርከብ ነው። በ1991 ወደ የመን ሸሸ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ!

ኮምቦልቻ ወደብ አላት! ጀልባ ሳይኖር፣ ማዕበል ሳይኖር! የመርከብ ኮንቴይነሮች ከጂቡቲ በመኪና ተጭነው ደረቅ ወደቧ ላይ ይራገፋሉ። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ባሕር ላይ የከረመ ብረት 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያርፋል!

በመስከረም 2005 አፋር ውስጥ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰነጠቀች፤ በሳምንታት ውስጥ! በአንዳንድ ቦታ 8 ሜትር ያህል ተከፈተች! ይህ ሁሉ የአዲስ ውቅያኖስ ምጥ ነው። ሚሊዮኖች ዓመታት ይፈጃል፤ ግን ከመጣ የወሎ ገደል ድንጋያማ የባሕር ዳርቻ፣ ባቲም የወደብ ከተማ ልትሆን ትችላለች! የጠላቂዎች ትምህርት ቤት ለመክፈት ያሰቡ ካሉ ቦታውን ከአሁኑ ይያዙ፤ የሊዝ ዋጋው ገና አልተወደደም!